የባሕር ጠረፍ አየር በጉለሌ

ሃይድሮጂን እፈራለሁ። የምተዳደረው በእሱ መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ከሁሉ ቀድማ የምትስቀው ደግሞ ባለቤቴ ናት። ምን ላድርግ? ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ሲቀጣጠል እንኳ ነበልባሉ በቀን ብርሃን በደንብ አይታይም። የማይታይ እሳት የማይፈራ ሰው ካለ እኔ እሱን ራሱን እፈራዋለሁ። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ። ቡታጋዝ ሲለኮስ ከወጥ ቤት እወጣ ነበር፤ ክብሪት ስጭር ዛሬም ዓይኔን እጨፍናለሁ። እናቴ ግን በዚህ አፍራብኝ አታውቅም። የሰፈሩ ልጆች በድንጋይ ሲፈነካከቱ ውለው እኔ አንድም ጭረት ሳይነካኝ ስመለስ «ፈሪ ለእናቱ» ትልና ጉንጬን ትስመኝ ነበር።

ስለዚህ ሥራዬን ከጋዙ ራቅ አድርጌ ነው የያዝኩት። እኔ ኮምፒውተር ላይ ነኝ፣ ባለቤቴ ጋዙ ዘንድ ናት። የምንሠራው ፊውል ሴል በሚባል ዕቃ ላይ ነው። በአንድ በኩል ሃይድሮጂን ይገባል፣ በሌላው በኩል ከደጅ የሚሳብ አየር ይገባል፤ መሃላቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የፕላስቲክ ገለፈት አለ። ሃይድሮጂኑና የአየሩ ኦክስጅን በዚህ ገለፈት አማካይነት ሲገናኙ ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ ተረፈ ምርቱ ውሃ ብቻ ነው። ጭስ የለ፣ ጥላሸት የለ፣ ጩኸት የለ።

ጣጣው ሁሉ ያለው ውሃው ላይ ነው። ገለፈቱ እርጥብ ካልሆነ አይሠራም። ውሃው ከበዛ ደግሞ አየሩ የሚያልፍባቸውን ጠባብ ቦዮች ይደፍናቸዋል። የእኔ ሥራ ውሃውና ጋዙ በእነዚያ ቦዮች ውስጥ እንዴት እንደሚጓዙ ማስላት ነው፤ የት ይጠራቀማል፣ የት ይደርቃል፣ አየሩ ምን ያህል ቢነፍስ ይጠርገዋል። የእሷ ሥራ ዕቃውን በእጇ ገጣጥማ እውነተኛ ጋዝ መልቀቅ ነው። በአጭሩ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ታደርጋለች።

እሷ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ልጅ ናት። ክር ሲበጠስ ማንም ቀና የማይልበት ቤት ነው ያደገችው፤ አባቷ የተበጠሰውን ቋጥረው ወሬያቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እሷም እንደዚያው ናት። ቧንቧ ሲያፈስ፣ ቫልቭ አልዞር ሲል፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ላብ ሲያጠምቀኝ እሷ ታጠብቀውና ወደ ቀጣዩ ትሄዳለች። አንድ ቀን እንዴት እንደማትፈራ ብጠይቃት የእኔን ፍርሃት ስታስታምም የራሷን የምትፈራበት ጊዜ እንዳጣች ነገረችኝ።

አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የዚያን ቅዳሜ ጭንቀቴን ማንም አይረዳልኝም። ፊውል ሴል ሲታመም ምልክቱ አንድ ነው፤ ቮልቴጁ ይወርዳል። በሽታው ግን ሁለት ነው። ወይ ጎርፍ አጥለቅልቆታል፣ ወይ ድርቅ መትቶታል። መድኃኒታቸውም የዚያኑ ያህል ይለያያል። ለጎርፉ አየር ትጨምሩለታላችሁ፣ ውሃውን ጠርጎ ያወጣዋል። የደረቀው ላይ አየር ከጨመራችሁ ግን የባሰ ታደርቁታላችሁ፤ ገለፈቱ ይግላል፣ ይሰነጠቃል፣ ሃይድሮጂኑም በስንጥቁ ሾልኮ አየሩ ወዳለበት ይገባል። ሁለቱ በጋለ ዕቃ ውስጥ ያለ ከልካይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልወድም። ጎርፉን ከድርቁ የሚለይ መለኪያ ነበረን፤ ክረምቱ ሲገባ ተበላሽቶ መለዋወጫው ከውጭ እየተጠበቀ ነበር። እስከዚያው ድረስ የሚለየው የእኔ ስሌት ነበር።

በዚያ ቅዳሜ የሚሞከረው ደግሞ እንደ ወትሮው አንድ ትንሽ ሴል አልነበረም። ብዙ ሴሎች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው በብሎን የታሰሩበት፣ ባለቤቴ ወራት የፈጀችበት አዲስ ዕቃ ነው። ስሌቴ በተደጋጋሚ ያሳየኝ ጎርፍ ነው፤ መሃል ላይ ያሉት ሴሎች ውሃ ይሞላባቸዋል። ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ሻይ እየጠጣች፣ ሹራቧን እየለበሰች፣ ቮልቴጁ ቢወርድ ምን እንድታደርግ ጠየቀችኝ።

«ጎርፍ ነው፤» አልኳት። «አየሩን ጨምሪ።»

ራሷን ነቀነቀችና ወጣች። ይህን ስናገር ድምፄ እንዳልተንቀጠቀጠ አስታውሳለሁ። ታክሲ ሲቀድም የምጨብጠውን የማጣ፣ ሊፍት ከመሳፈር ደረጃ የምመርጥ ሰው፣ ስሌቴን ግን አልፈራውም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ቤታችን ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው፤ ሱቁ ከእኛ በር ጥቂት ወረድ ይላል። ባለሱቁ ከደቡብ የመጡ፣ ስግደታቸውን ጨርሰው ገና መመለሳቸው የነበረ ሽማግሌ ናቸው፤ ጨዋታ ይወዳሉ። መብራት ጠፍቶ ሱቁ ጨለምለም ብሏል። አንዲት ሴት ለልጇ የገዛችውን የውጭ አገር የድንች ጥብስ መልሳ እያኮረፈች ስትወጣ ደረስኩ። ከረጢቱ ሊፈነዳ እስኪደርስ ተነፍቷል፤ ውስጡ ያለው ግን እፍኝ አይሞላም። ሰውየው ደንበኞቻቸው ሁሉ ነፋስ ይሸጡልናል እያሉ እንደሚያሟቸው ነገሩኝ። ፋብሪካው ሆን ብሎ አየር እየሞላ እንደሚያታልል እርግጠኛ ነበሩ።

ለፋብሪካው ጠበቃ ሆንኩ። ማስረዳት ስጀምር አፌ አያርፍም፤ ባለቤቴ በዚህም ትስቅብኛለች። አየር ክብደት እንዳለው፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ያለው አየር ከላዩ ብዙ አየር ተጭኖት እንደሚታመቅ፣ እኛ ግን ተራራ ላይ ስለሆንን የሚጫነን ትንሽ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ፋብሪካው አይደለም፤» አልኳቸው፣ ከረጢቱን በጣቴ መታ መታ እያደረግሁ። «ከረጢቱ ሲታሸግ ታች ነበር፣ አየሩ ወፍራም የሆነበት። እዚህ ሲደርስ ግን አየራችን ስስ ስለሆነ...»

እዚያ ላይ ቃሌ ተቆረጠ።

አየራችን ስስ ስለሆነ። ያልኩትን የሰማሁት ራሴ ነኝ። ከተናገርኩት ይልቅ የከበደኝ ያልተናገርኩት ነው፤ ስስ አየር ውሃን ቶሎ ያተናል፣ ከሴሉ የሚወጣውም አየር ከወፍራሙ ይልቅ ብዙ ውሃ ይዞ ይሄዳል። እዚህ ዳገት ላይ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ቶሎ እየፈላ ባቄላው ግን አልበስል እንደሚለን ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የጉለሌ ሰው የለም። እኔም አውቀዋለሁ። ጥያቄው ስሌቴ ያውቀዋል ወይ ነበር።

ሽማግሌው ፊቴን አይተው ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?» ብለው ዱካቸውን ወደ እኔ ገፉልኝ። ደህና ነኝ አልኳቸው፤ ዳቦውን እዚያው ባንኮኒው ላይ ትቼው ወጣሁ።

ዳገቱን የወጣሁት በሩጫ ነው። እየሮጥኩ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይዘለላል? እኔ ባላስብበት ሌላው አስቦበት ይሆናል። እኛ የምንሠራበት ዋናው የስሌት ፋይል እኔ የጻፍኩት አይደለም። የቤተ ሙከራው ኃላፊ የሆኑት መምህራችን ውጭ አገር ሲማሩ፣ አንድ የወደብ ከተማ ውስጥ፣ የጀመሩት ነው። ይዘውት ሲመጡ የመጀመሪያው ተማሪ ከእሳቸው ወረሰው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ወረሰ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እኔ ዘንድ ደረሰ። ለአዲስ ገቢ የሚነገረው የመጀመሪያ ነገር የፋይሉን አናት አትንካ ነው። እታች የፈለግከውን ጨምር፣ ቦዩን አስፋ፣ አጥብብ፤ አናቱ ላይ ያሉት መስመሮች ግን ተፈትነው ያለፉ ናቸው። አክብረን አልነካንም። ውጤቱንም ስናመሳክር ከውጭ ከታተሙ ውጤቶች ጋር ነበር የምናመሳክረው፤ ሁሌም ይገጥምልን ነበር፣ ሲገጥምም እንጨባበጥ ነበር።

ላፕቶፑ ባትሪው እያለቀ ነበር። ፋይሉን ከፍቼ ወደ አናቱ ወጣሁ። የአየር ግፊት በሚለው መስመር ትይዩ ቁጥሩ ተቀምጧል፤ መሐንዲስ የሆነ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው፣ የባሕር ጠረፍ አየር ግፊት። የእኛ አየር ከዚያ በሩብ ያህል ያንሳል። ከአዲሱ ገበያ በላይ፣ ደመና በመስኮት በሚገባበት ቤት ቁጭ ብዬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ የማሰላው ማዕበል የሚሰማበት አገር ያለ ዕቃ ነበር።

ቁጥሩን ቀይሬ ትንሹን ስሌት አስኬድኩት። ባትሪው እንዳይሞትብኝ እየለመንኩ ማያ ገጹ ላይ አፈጠጥኩ። የጎርፉ ሰማያዊ ቀለም ከመሃሉ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። በእሱ ቦታ የድርቁ ቀለም ከአየር መግቢያው ጀምሮ እየሰፋ መጣ። ጨርሶ እስኪሸፍነው አልጠበቅሁም። ስልኬን አንስቼ ደወልኩላት።

ጠራ። አላነሳችም። ደግሜ ደወልኩ፤ ጠራ፤ አላነሳችም። እንደማታነሳ ማወቅ ነበረብኝ። ስልክ ሙከራ ክፍል አይገባም የሚለውን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የስልክ ባትሪ ብልጭታ ሊያወጣ ይችላል ብዬ በየስብሰባው ስሟገት ሰለቹኝና እሺ ይሁንልህ አሉኝ፤ ኮሪደሩ ላይ የብረት ሳጥን ተሰቀለ። አሁን የእኔ ጥሪ የሚንጫጫው በዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። ቅዳሜ ስለሆነ ኮሪደሩ ላይ የሚያልፍ ሰው የለም። መምህራችን ዘንድ ደወልኩ፤ ክፍለ ሀገር ለቅሶ ሄደዋል፣ ስልካቸው ዝግ ነው። እውነቱን ለመናገር ዝግ በመሆኑ በዚያ ጭንቀት መሃል እንኳ ትንሽ ቀለል አለኝ። እርስዎ ያመጡት ፋይል እያልኩ እንዴት እንደምጀምር አላውቅም ነበር።

ቤተ ሙከራው ከጳውሎስ ሆስፒታል ወረድ ብሎ ነው። እንደገና በጀመረው ዝናብ አዲሱ ገበያ ስደርስ አንድ ሚኒባስ ብቻ ቆሟል፤ ወያላው ጳውሎስ እያለ ይጣራል፤ ሰው ግን ግማሹን አልሞላም። ሳይሞላ አይንቀሳቀስም። ልሩጥ ወይስ ልጠብቅ ብዬ አንድ እግሬን ውስጥ አንድ እግሬን ውጭ አድርጌ ቆምኩ። ለሹፌሩ ምን ልበለው? ሚስቴ ጎርፍ ነው ባልኳት ቦታ ላይ ድርቅ አለ ልበለው? ከፊት ወንበር ላይ የራጅ ፖስታ ያቀፈች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገች ሴት ነበረች፤ ሆስፒታል መሄዷ ነው። ሐኪም እንዳያመልጠኝ ብላ ሹፌሩን ስትለምነው ሞተሩን አስነሳ። ለእሷ ሲል ሄደልኝ።

መብራት ከላይ ሰፈር እንደጠፋ ነበር፤ በየሱቁ ጄኔሬተር ሲንኳኳ ይሰማል። እዚያም ጠፍቶ ከሆነስ? መብራት ሲጠፋ ክፍሉን የሚያናፍሰው ማራገቢያ ይቆማል፤ ሃይድሮጂኑ ግን ከሲሊንደሩ መውጣቱን አያቆምም። በዓይነ ሕሊናዬ ያየሁትን ሁሉ አልጽፈውም። ፈሪ ሰው ሲባል የሚመጣበትን የማያውቅ ሰው የሚመስላቸው አሉ። የእኔ ፍርሃት እንዲያ አልነበረም። ገለፈቱ የት ጋ መድረቅ እንደሚጀምር፣ በየትኛው ጥግ እንደሚሰነጠቅ፣ ከስንጥቁ በኋላ ጋዙ በየት እንደሚዞር አንድ በአንድ አውቀው ነበር፤ ዕድሜዬን የተማርኩት ይህን ነው። መሃል ላይ ቮልቴጁ ሲወርድ ታየኝ። እጇ ወደ አየሩ መክፈቻ ሲሄድ ታየኝ። ስትከፍተው የበለጠ ይወርዳል፤ ሲወርድ የበለጠ ትከፍተዋለች፤ ምክንያቱም ነግሬያታለሁ።

ግቢው በር ላይ ያሉት ጥበቃ በእድሜ የገፉ፣ በሰላምታ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። በሌላ ቀን እወዳቸዋለሁ። እንዴት ዋልክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ እናትህ እንዴት ናቸው፣ ዝናቡስ እንዴት ነው አሉኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን እያልኩ ለፍተሻ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ፤ ሰውየውን አልፌ መሮጥ አልቻልኩም። ስታድግ ያልለመድከውን በጭንቅ ቀን አትጀምረውም። ኪሴን ዳበሱ፣ ቀበቶዬን ዳበሱ። ከእጃቸው እንደወጣሁ ሮጥኩ። ሕንፃው ጥግ ስደርስ የማራገቢያው ድምፅ ተሰማኝ። መብራት አለ። ያ ደስታ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ እስክወጣ ብቻ ቆየ።

የሙከራ ክፍሉ በር መስታወት አለው። በእሱ በኩል አየኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ፣ ጎንበስ ብላ ቮልቴጁን እያነበበች ነበር። ቁጥሩ ለእኔም ይታያል፤ ይወርዳል። ቀኝ እጇ የአየሩ መክፈቻ ላይ ነው። መስታወቱን መታሁት። ቀና ሳትል ግራ እጇን አነሳች፤ ቆይ ማለቷ ነው። ከዚያ መክፈቻውን ጥቂት አዞረችው።

እንዴት እንደገባሁ አላስታውስም።

«ሃይድሮጂኑን ዝጊው።»

ዘወር ብላ አየችኝ። ዳገትና ዝናብ ያጨማለቀኝ፣ ትንፋሼ የተቆራረጠ ሰው ነኝ። ለምን አላለችኝም። ከዕቃው ኤሌክትሪክ የሚስበውን ጭነት አጠፋች፣ ወደ ሲሊንደሩ ሄዳ ዘጋችው፣ የቀረውን ጋዝ የሚያጥበውን ናይትሮጂን ከፈተች፤ ሁሉንም በተራው፣ ሳትቸኩል። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ሲደርስ ብቻ መነጽሯን አወለቀች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ዕቃው እስኪበርድ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ስለ ድንች ጥብሱ ከረጢት፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ባሕር ጠረፉ ነገርኳት። ሳቀች። ሳቋ ረጅም ነበር፤ እኔ ያልሳቅሁ መሆኔን ስታይ አቆመች። ሁላችንም በየቀኑ ይህን ዳገት እየወጣንና እየወረድን አንዳችንም ቁጥሩን ቀና ብለን አለማየታችን እንደገረማት ነገረችኝ። ከዚያ እንደ ተራ ነገር አድርጋ ጨመረችልኝ። ከሴሉ የሚወጣው ውሃ የሚንጠባጠብበት ጠርሙስ አለ፤ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ባዶ ነበር። ብረቱም ስትነካው ከወትሮው ይልቅ ያቃጥል ነበር።

ጠርሙሱ ባዶ ከሆነ ጎርፍ የለም። ይህን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ ስንት ዓመት በእጇ የያዘችው ሥራ ነው።

«ታዲያ ለምን አየሩን ጨመርሽ?»

«አንተ ጎርፍ ነው ስላልከኝ፤» አለች። ውሃው የሆነ ቦይ ውስጥ ተደብቆ ይሆናል ብላ እንዳሰበች፣ ስሌቱ ዓይኗ የማያየውን እንደሚያይ ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ ጨምራለች፤ እኔ በመስታወት ያየሁት ሦስተኛው ነው። ስታወራ አልተቆጣችም፣ አልወቀሰችም። ብትቆጣ በወደድኩ።

ዕቃው ሲበርድ ብሎኖቹን ፈታች። ሴሎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። የዳር ዳሮቹ ደህና ነበሩ። መሃል ስትደርስ እጇ ቀስ አለ። ገለፈቱ ቡናማ ሆኗል፤ ሲነካ እንደ ደረቀ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። በመቆንጠጫ ይዛ ወደ መስኮቱ አነሳችው። ዝናቡ አባርቶ የእንጦጦ በኩል ሰማይ ትንሽ ተከፍቶ ነበር። ገለፈቱ መሃል ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አለ፤ በዚያ በኩል ብርሃን ያልፋል። ከጎኑ ደግሞ ሁለተኛ ሊከፈት የጀመረ፣ ገና ስስ የሆነ ቦታ ነበር። እሷ አገላብጣ አየችው። እኔ ማየት ስላቃተኝ ወለሉን አየሁ። በዚያ ቀዳዳ ጋዙ ማለፍ ጀምሮ እንደነበር ሁለታችንም አውቀናል። ታክሲው አዲሱ ገበያ ላይ ሰው እስኪሞላ ቢቆም ኖሮ የሚለውን እስከ ዛሬ ጮክ ብዬ አላልኩትም።

ማጽዳቱን ለእሷ ተውኩት። ገለፈቱን ፕላስቲክ ውስጥ ከተተችው፣ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ የሲሊንደሩን ቫልቭ እንደገና አጠበቀችው። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ሰኞስ?» አለች። «አየሩን ስንት ላድርገው?»

ቀና ብላ ጠበቀችኝ። ፊቷ ላይ ጥርጣሬ ፈለግሁ፣ ትንሽ ብትሆን እንኳ። አላገኘሁም።